ሰባት ቤት ሲቆጠር

ይህ ቃል፣ በጎንደር ከተማ ከደብረ ፀሐይ ቍስቋም በታች ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በ2018 ዓ.ም. በቃና ዘገሊላ ዕለት ከቀትር በኋላ፣ ሰማንያ ዓመት ሊደፍኑ ጥቂት ወራት በቀሯቸው አንድ መሪጌታና በደባርቅ ከተማ ታሪክ በምታስተምር የእኅታቸው ልጅ መካከል የተደረገ ምልልስ ነው። በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯት እርሳቸው ስለሆኑ፣ አጎቷ ቢሆኑም የኔታ እያለች ነው የምትጠራቸው።

መምህርት፦ የኔታ፣ የፋይዳ መታወቂያ ለማውጣት በሄዱ ጊዜ መዝጋቢውን ልጅ ባሕረ ሐሳብ አስተማሩት እየተባለ ሲወራ ሰማሁ፤ እውነት ነው?

መሪጌታ፦ ጥቂት አስተማርሁት፤ እርሱም መልካም ልጅ ነውና አልተቆጣም። የተወለዱበትን ቀን ይንገሩኝ ቢለኝ፣ ጣልያን ከጎንደር በወጣ በአራት ዓመቱ፣ በዐቢይ ጾም፣ በደብረ ዘይት ሰንበት ነው አልሁት፤ እናቴ የነገረችኝ ይህንኑ ነውና። ልጁም እየሣቀ፣ መሣሪያው ጾምና በዓል አያውቅም፣ ቀንና ወር ብቻ ነው የሚቀበለው ሲለኝ፣ ጣልያን የወጣው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ስለሆነ ዓመቱ 1938 ይሆናል፣ የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 13 ቀን ዋለ፣ ከዚያ አራት ሳምንት ወደ ኋላ ቢቆጠር ደብረ ዘይት መጋቢት 15 ይውላል ብዬ አሰላሁለትና ጻፈ። እኔን ያስገረመኝ ቀኑ ሳይሆን ስሙ ነው። ስምዎን አለኝ፣ ነገርሁት፤ የአባትዎን አለኝ፣ ነገርሁት፤ የአያትዎን አለኝ፣ ነገርሁትና ወደ ቅድመ አያቴ ልሻገር ስል፣ በቃ የኔታ፣ ሦስት ስም ይበቃል አለኝ።

መምህርት፦ ከዚያ በላይስ ምን ያደርግለታል? የጣትዎን አሻራ ወስዷል፣ የዓይንዎን ብሌን አንሥቷል፤ ከእንግዲህ እኔ መሪጌታ ነኝ ብሎ የሚመጣ ሌላ ሰው አይኖርም።

መሪጌታ፦ ማንነትን ለማስረዳት ይበቃል፤ መብትን ለማስረዳት ግን በእኔ ልጅነት ሦስት ስም ከችሎት ደጅ አያሳልፍም ነበር። ርስት የሚባለውን ነገር እናንተ በመጽሐፍ ነው የምታውቁት። በወገራም ሆነ በስሜን፣ በደምቢያም ሆነ በአርማጭሆ፣ መሬት የአንድ ሰው ገንዘብ ሳትሆን የአንድ አቅኚ አባት ተወላጆች ሁሉ የሚካፈሏት ስለነበረች፣ ድርሻ የሚፈልግ ሰው ከዚያ አቅኚ አባት እስከ ራሱ ድረስ ያለውን ትውልድ፣ አንድ ስም ሳይዘል፣ በዳኛና በሽማግሌ ፊት መቁጠር፣ ለቆጠረውም ምስክር ማቆም ነበረበት። ባላጋራውም ዝም ብሎ አያዳምጥም፤ እገሌ የእንጀራ ልጅ ነው እንጂ የአብራክ ልጅ አይደለም፣ እገሊት ሳትወልድ ሞታለች እያለ፣ ሐረጉ የሚበጠስበትን ቦታ ይፈልጋል። ቆጠራው በአንድ ስም ከተሰናከለ መሬቱ ሄደ ማለት ነው።

መምህርት፦ አያቴ እንዲህ ባለ ሙግት ቆማ ነበር ሲባል እሰማለሁ፤ እናቴ ግን አጥርታ አታውቀውም።

መሪጌታ፦ እናትሽ ያን ጊዜ ገና ጡት አልጣለችም። ሙግቱ ዳባት ላይ ነበር፤ እኔ ስንቅ ተሸክሜ ተከትያት ሄጃለሁ። እናቴ ፊደል አታውቅም። ከመሄዳችን በፊት በነበሩት ሌሊቶች እንዝርቷን እያሾረች፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው በዝግታ ስሞቹን ስትደግም እሰማ ነበር። በችሎቱ ፊት በቆመችም ጊዜ የነጠላዋን ጫፍ በግራ እጇ ይዛ፣ ለያንዳንዱ ስም አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች፤ ባላጋራዋ ነገር አምጥቶ ጣልቃ ሲገባባት፣ ሳትደነግጥና ሳትመልስለት የመጨረሻውን ቋጠሮ በጣቷ ዳስሳ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ዳኛው ራሱ ተገርሞ፣ ሰውየውን፣ ተዋት ትጨርስ ብሎ ገሠጸው። ስምንት ስም ቆጠረች፤ ከስምንቱም አምስቱ ሴቶች ነበሩ።

መምህርት፦ አምስቱ ሴቶች? እኛ ተማሪዎቻችንን የዘር ሐረግ ጻፉ ስንላቸው በአባት በአባት ብቻ ነው የሚጽፉት፤ እኔም አርሜያቸው አላውቅም።

መሪጌታ፦ ስም በአባት ይጠራል፤ ርስት ግን በአባትም በእናትም ይወርድ ነበር፤ ሴት ልጅም ከወንድሟ ጋር ትካፈላለች። ስለዚህ አንድ ሰው በአባቱ ወገን ከወገራ፣ በእናቱ ወገን ከስሜን፣ በሴት አያቱ ወገን ደግሞ ከደምቢያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሁሉን አርሶ ሊይዘው ባይችል እንኳ፣ አንድ ቀን ለልጁ ያስፈልገው ይሆናል ብሎ ሁሉን ያስታውሳል። ከወንዱ ይልቅ በሴቶቹ በኩል ያለው መንገድ የሚበዛው፣ ሴት ልጅ ተድራ ከአገር ወደ አገር የምትሄድ ስለሆነች ነው።

መምህርት፦ እንዲህ ከሆነ ታዲያ፣ ዘመድን ማስታወስ ከፍቅር የመጣ አይደለም ማለት ነው።

መሪጌታ፦ ከመሬት ነው የመጣው፤ ይህን ለማለት አላፍርም። የፍቅር ትዝታ ከሦስት ትውልድ አይሻገርም። አያትሽን በዓይንሽ አይተሻታል፣ ጠላዋን ቀምሰሻል፣ ስለዚህ ትወጃታለሽ፤ የእርሷን ቅድመ አያት ግን ማን ይወዳታል? በወገራ ውርጭ ገብስ ስታጭድ የኖረች፣ መልኳን በሕይወት ያለ ሰው ያላየው አንዲት ሴት፣ ከሞተች ከብዙ ዘመን በኋላ በዳባት ችሎት ስሟ የተጠራው፣ ጥቂት ጥማድ መሬት በእርሷ ስም ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበረ ነው። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባላል፤ ባለቤቱ ግን መቁጠር የቻለው ነበር።

መምህርት፦ በጽሑፍ የሚቀመጥ መዝገብስ አልነበረም?

መሪጌታ፦ ለትላልቆቹ ነበረ። እቴጌ ምንትዋብ ይህችን ቍስቋምን ባሠሩ ጊዜ ለደብሩ የተሰጠው መሬት ተጽፎ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በጎንደር የመሬት ሽያጭና የውርስ ውል በአድባራቱ መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ፣ ከእማኞቹ ስም ጋር ይጻፍ ነበር። በወንጌል ላይ የተጻፈውን ውል ማን ደፍሮ ይክዳል? ነገር ግን አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያስመዘብሩ ብዙ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ፤ እንግሊዝም በ1860 ዓ.ም. መቅደላን ሲይዝ ከእነዚያ ብዙዎቹን ወደ ለንደን ወሰዳቸው፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሽ መጥቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። እነሆ በዘመነ መሳፍንት እዚሁ ጎንደር ውስጥ ቦታ የሸጠን ሰው ስም ለማንበብ፣ ዛሬ ባሕር ተሻግሮ መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። የእናቴን ስምንት ስሞች ግን ማንም አልዘረፋቸውም።

መምህርት፦ እኛ ግን ረሳናቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ነው ያስረሳን ይሉ ይሆን?

መሪጌታ፦ አዋጁን በክፉ አላነሣውም። ለደቡቡ ጭሰኛ ከባርነት እንደ መውጣት ነበር፤ እዚህም ቢሆን በማያልቅ ሙግት ጥሪቱን የጨረሰ፣ ከወንድሙ ጋር ደም የተቃባ ስንት ሰው ነበረ። ነገር ግን ትውልድ ቆጣሪዎቹ ሽማግሎች በአንድ አዋጅ ሥራ ፈቱ። መሬት የሚሰጠው የገበሬ ማኅበር ሆነ፤ ማኅበሩም የሚጠይቀው የማን ተወላጅ ነህ ሳይሆን ስንት ቤተ ሰብ ታስተዳድራለህ የሚለውን ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ የቅድመ አያቱን ስም ባያውቅ ምን ይፈረድበታል? የሚጠይቀው የለማ።

መምህርት፦ እኔ ደግሞ የዘመኑን መልካም ነገር ልናገር። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ለገበሬው በሚሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፋል። ሴቲቱ ቆማ ስምንት ትውልድ መቁጠር አያስፈልጋትም፤ ባሏ ቢሞት ወይም ቢፈታት ደብተሩን ታሳያለች።

መሪጌታ፦ መልካም ነው፤ እናቴ ይህን ብታገኝ ከብዙ ድካም ትድን ነበር። ግን ፎቶግራፍ የሚመሰክረው ለሕያዋን ብቻ ነው።

መምህርት፦ አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ ብሏል፤ ልጠይቅዎ። ማስታወስ ከመሬት የመጣ ከሆነ፣ መሬት የተነፈገው ሕዝብ እንዴት አስታወሰ? ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ በወለቃ የነበሩትን ቤተ እስራኤልን ይውሰዱ። በአፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም ተብሎ እንደ ተፈረደባቸው ትውፊቱ ይናገራል፤ ወንዶቹ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ እየሠሩ፣ አብዛኞቹ በሰው መሬት ላይ እያረሱ ኖሩ። ነገር ግን እነርሱም ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወጡ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ የሆነ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ፤ ከዚያም በኋላ እዚሁ ጎንደር ዓመት ከዓመት ተራ ሲጠብቁ ለኖሩት የእስራኤል ሹማምንት የሚያቀርቡላቸው ጥያቄ፣ እናትህ ማን ናት፣ የእናትህስ እናት ማን ናት የሚል ነበር። ብዙዎቹም መለሱ። የአዲስ ዓለም እስላሞችስ? ከአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጀምሮ በአንድ ሰፈር ተለይተው እንዲኖሩ ተደርጎ፣ ንግድና ሽመና እንጂ ርስት የእነርሱ ዕጣ አልነበረም፤ አያቶቻቸውን ረሱ እንዴ?

መሪጌታ፦ (ብርሌአቸውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ) ይህ ነገሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በማን ዘንድ እንጋባለን፣ በማን ዘንድ እንቀበራለን የሚለው ጥያቄ፣ በብዙ ሌላ ሕዝብ መካከል ተከብቦ ለሚኖር ጥቂት ሕዝብ ከመሬት ሙግት የሚበልጥ ነው እንጂ አያንስም። እኔ ያልሁት ሰው የሚያስታውሰው ግድ ሲሆንበት ነው የሚል ነው። ለእኛ ግዱ ርስት ነበር፤ ለእነርሱ ሌላ ግድ ነበራቸው፤ ባለ ርስቱ ግን ከገዛ ማሳው ባሻገር ስለማያይ፣ ያንን አስተውሎት አያውቅም።

መምህርት፦ ግድ ሳይሆን፣ እንዲያውም ተከልክሎ ሳለ የታወሰስ የለም? ስለ ታናሽ ወንድምዎ በቤታችን ጮክ ተብሎ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም፤ ነገር ግን አለመረሳቱን አውቃለሁ።

መሪጌታ፦ እርሱ የሞተው በ1970 ዓ.ም. ነው፣ በቀይ ሽብር፣ ሻለቃ መላኩ ተፈራ ጎንደርን በሚያስተዳድሩበት ዘመን። ልጁ ተማሪ ነበር። ለቅሶ መቀመጥ፣ ድንኳን መትከል፣ ደረት መምታት የሚያስጠይቅ ነገር ነበር። እናቴ ከል አልለበሰችም። ጎረቤት ደርሶ ልጅሽስ ቢላት፣ አገር ቤት ሄዷል ትል ነበር። ነገር ግን በየወሩ፣ ባረፈበት ቀን፣ ዕጣንና ጧፍ ይዛ ገና ሳይነጋ ከቤት ትወጣለች፤ ለቄሱም የልጇን የክርስትና ስም በጆሮአቸው ትነግራቸዋለች። ቀበሌው የሚያውቀው፣ በዝርዝሩም ላይ የነበረው የዓለም ስሙ ነው፤ የክርስትና ስሙን የሚያውቁት ቤተ ሰቡ፣ የክርስትና አባቱና ካህኑ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ስለ ሙታን በሚጸለየው ጸሎት ያ ስም ከፍ ባለ ድምፅ፣ በሕዝብ መካከል ይጠራ ነበር። አሳሪው ራሱ በቅጽሩ ቆሞ ቢሰማ እንኳ የሚጠራው ማን እንደ ሆነ አያውቅም። እኔ መቅደስ ገብቼ ሳገለግል፣ ያን ስም በሰማሁ ቁጥር ጉልበቴ ይርድ ነበር፤ እርሷ ግን አትንቀሳቀስም፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ትቆማለች።

መምህርት፦ ታዲያ ይህስ ፍቅር አይደለም?

መሪጌታ፦ ይህስ ፍቅር ነው። ግን አስተውዪ፣ ፍቅሩ መውጫ ያገኘው ሥርዓቱ አስቀድሞ ተዘርግቶ ስለቆየው ነው። በዐርባ ቀን ክርስትና ባይነሣ፣ ሁለተኛ ስም ባይኖረው፣ በቅዳሴ የሙታን ስም የሚጠራበት ቦታ ባይኖር፣ ያች ሴት ኀዘኗን ይዛ የት ትደርስ ነበር?

መምህርት፦ እኔን የሚያስፈራኝ ዛሬ ሥርዓቱ ራሱ መናጋቱ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ፣ በጭና ሰላማዊ ገበሬዎች አለቁ፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ውጊያው በክልላችን ውስጥ መልኩን ለውጦ ቀጠለ። የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ፤ ከደባርቅ ጎንደር ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ በሰላሙ ቀን በማለዳ ተነሥቶ ለምሳ የሚደረስበት፣ አንድ ሰሞን ተከፍቶ አንድ ሰሞን ይዘጋ ጀመር። የዐርባ ቀኑ ተዝካር ከወጣ በኋላ የዘመዱን ሞት የሰማ ሰው በየመንደሩ አለ። ከተማሪዎቼ አንዲቱ የአያቷን መሞት ያወቀችው፣ ልብስ ይዛላቸው ልትሄድ መኪና ተራ ቆማ ሳለ፣ ከዚያው ከመጣ መንገደኛ አፍ ነው።

መሪጌታ፦ መርዶ እንዲህ አልነበረም። ሟቹ ሩቅ አገር የሞተ እንደ ሆነ፣ ወሬው አስቀድሞ ለጎረቤትና ለነፍስ አባት ይደርሳል፤ እነርሱም በምስጢር ይዘውት ይመክራሉ፤ ሊነጋ ሲል ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል። ሰውዬው በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ፣ ቃል ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ሲወድቅም የሚይዘው ሰው አጠገቡ አለ። አሁን በስልክ ላይ የሟቹ ፎቶግራፍ ከተለኮሰ ሻማ ሥዕል ጋር ይመጣል፤ ሰውዬው ታክሲ ውስጥ ይሁን ሥራ ላይ ይሁን የላከው ሰው አያውቅም። ስልኩ ሲዘጋ የምናዝነውን ያህል ሲከፈት አንደሰትም። (እንዲህ ስል ግን፣ ባለፈው ዓመት አሜሪካ ያለው ልጄ የልጁን ክርስትና በዚሁ ስልክ ሲያሳየኝ፣ ውዳሴ ማርያም አቋርጬ እንዳየሁት እግዚአብሔር ያውቃል።)

መምህርት፦ ስልኩን ካነሣን ዘንድ፣ ከበዓሉ ሌላ የመጣሁበትን ጉዳይ ልንገርዎ። አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ ልጅ እጮኛ ይዟል። ልጅቱ የተወለደችው አዲስ አበባ ነው፤ ወላጆቿ ግን ከስሜን፣ ከጃናሞራ የወጡ ናቸው። አባቷ የደንቡን እንፈጽም፣ ሰባት ቤት ይቆጠር ብለው ትውልዳቸውን ጽፈው ልከውልኛል፤ ይኸውና።

መሪጌታ፦ አንብቢው... ስንት ስም ነው?

መምህርት፦ ከልጅቱ ጋር ስምንት፤ ከእኛ ሐረግ ጋር የሚገጥም አንድም አላየሁም።

መሪጌታ፦ ከስምንቱ ሴት ስንት ናት?

መምህርት፦ ከልጅቱ ከራሷ በቀር የለችም። በአባት በአባት ነው የሄዱት።

መሪጌታ፦ እንግዲያው ምኑን ቆጠሩት? በዳባት ችሎት ከተቆጠሩት አምስት ሴቶች አንደኛዋ፣ የእናቴ ቅድመ አያት፣ እኅት ነበረቻት፤ እኅቷም ወደ ጃናሞራ ተድራ ሄዳ፣ እዚያው ወልዳ ከብዳ ሞታለች። ከእነዚህ ከሁለቱ እኅቶች ወላጆች እስከ ሙሽራችን ቢቆጠር፣ አሁን በጣቴ እንዳሰላሁት፣ ልክ ሰባተኛው ላይ ይውላል። በልጅቱ በኩል ስድስት ይሁን ስምንት፣ ወይም ከዚያች ሴት ፈጽሞ ላትወለድ፣ ይህ ወረቀት አይናገርም፤ ሴቶቹን ሁሉ አውጥቷቸዋልና።

መምህርት፦ የመንግሥት ሕግ የሚከለክለው ከዚህ እጅግ የቀረበውን ዝምድና ብቻ ነው። ልጆቹም ይህንኑ አንብበው መጥተዋል፤ ሕግ ካልከለከለን ሽማግሌ ለምን ይከለክለናል ይላሉ።

መሪጌታ፦ መልካም፤ ሕጉን ይዘው ማዘጋጃ ቤት ይሂዱ፣ እኔ መንገድ አልዘጋባቸውም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የሰባት ቤቱን ነውና የምመልሰው በእርሱ ነው። ለልጅቱ እናት ንገሪልኝ፦ የእናቷን ስም፣ የእናቷን እናት ስም፣ እስከ ምንዥላቷ ድረስ ሴቶቹን ሳትዘል፣ ከየት አገር እንደ ተዳሩ ጭምር ታጽፍልኝ። እርሷ ባታውቅ ጃናሞራ የቀረች አንዲት አሮጊት አትጠፋም። ያ ሳይመጣ ይጋቡም አይጋቡም አልልም። በይ አሁኑኑ ደውዪ፤ ዛሬ ኔትወርክ አለ።